ባቢሎንን የቆፈረው የጀርመን ማኅበር አክሱምንም ቆፍሯል?

የታሪክ መምህር (ባሕር ዳር)፦

ሰላም ለሁላችሁም። ባሕር ዳር ውስጥ በአንድ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ታሪክ አስተምራለሁ። ባለፈው ሳምንት ስለ ጥንታዊት ሜሶጶጣሚያ ስንማማር፣ የናቡከደነፆርን ባቢሎን ከአፈር ሥር ያወጣት በ1898 በበርሊን የተቋቋመው «ዶይቸ ኦሪየንት ገዜልሻፍት»፣ በእኛ አነጋገር የጀርመን የምሥራቅ ማኅበር እንደሆነ ለተማሪዎቼ ነገርኳቸው። (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር እጽፋለሁ።) አንዲት ተማሪ እጇን አውጥታ በ1906 አክሱም መጥተው ሐውልቶቹን ያጠኑት ጀርመኖችም የዚሁ ማኅበር ሰዎች እንደሆኑ ጠየቀችኝ። «ይመስለኛል» አልኳት። ቤቴ ገብቼ ሳስበው ግን መልሴ እንቅልፍ ነሣኝ፤ ተማሪ የመምህሩን «ይመስለኛል» በደብተሩ ላይ «ነው» ብሎ ነውና የሚጽፈው።

ስለዚህ ሁለት ነገር እጠይቃችኋለሁ። አንደኛው የተማሪዋ ጥያቄ ራሱ ነው። ሁለተኛው፣ ይህ ማኅበር ለቁፋሮ ጥናት ያበረከተው ቁም ነገር ምንድን ነው? የበርሊንን ሙዚየሞች ከመሙላት ያለፈ ሥራ ሠርቷልን? ጥያቄውን የማነሣው በቅርቡ ተማሪዎቼን በጀልባ ወደ ዘጌ ልወስዳቸው ስላሰብኩና፣ ቅርስን ማጥናትና ቅርስን መውሰድ የሚለያዩበትን ቦታ በትክክል ላስረዳቸው ስለምፈልግ ነው።

ዘአክሱም፦

መምህር፣ ተማሪዋ ብዙ ሰው የሚያምታታውን ነገር ነው ያነሣችው። አይደሉም። ሁለቱን ለማምታታት ምክንያት የሚሆነው የጀርመኑ ንጉሠ ነገሥት ካይዘር ዳግማዊ ቪልሄልም ነው፤ ከ1901 ጀምሮ የማኅበሩ የበላይ ጠባቂ እርሱ ነበር፣ የአክሱሙም ቡድን የተላከው በእርሱ ፈቃድ ነው። ይሁን እንጂ የአክሱምን ጥናት ውጤት በ1913 በአራት ቅጽ ያሳተመው የበርሊን ንጉሣዊ ሙዚየሞች ጠቅላይ አስተዳደር እንጂ ማኅበሩ አልነበረም። መንገዱን የከፈተውም በ1905 በፍሪድሪሽ ሮዘን መሪነት ወደ ዐፄ ምኒልክ የመጣው የጀርመን መልእክተኛ ቡድን ነው።

ወደ አክሱም የመጡት የቋንቋ ሊቁ ኤኖ ሊትማን፣ አርክቴክቶቹ ዳንኤል ክሬንከርና ቴዎዶር ፎን ሉፕከ፣ እንዲሁም ፎቶግራፍም ያነሣ የነበረው ሐኪም ኤሪክ ካሽከ ነበሩ። የቆዩት ለሦስት ወራት ያህል ብቻ ስለሆነ ሰፊ ቁፋሮ የማካሄድ ጊዜ አልነበራቸውም፤ ሐውልቶቹን ለኩ፣ ቁጥር ሰጧቸው፣ የድንጋይ ጽሑፎቹን ገለበጡ፣ የቤተ መንግሥቶቹን መሠረት እየተከተሉ በመጥረግ ፕላናቸውን ነደፉ። ለሐውልቶቹ የሰጡት ቁጥር እስከ ዛሬ በጥናት ጽሑፎች ውስጥ ያገለግላል።

ከሁሉ በላይ ግን ለተማሪዎችዎ የታእካ ማርያምን ነገር ይንገሩልኝ። 80 በ120 ሜትር ገደማ የሚሆነውን የዚህን ታላቅ ቤተ መንግሥት ፕላን ጀርመኖቹ ክንድ በክንድ ለክተው ነደፉት። በኋላ ጣሊያኖች በወረራው ዘመን መንገድ ሲያወጡ ፍርስራሹን አቋርጠው አጠፉት። ዛሬ ስለ ታእካ ማርያም የምናውቀው አብዛኛው ነገር ያ ንድፍ ያቆየልን ነው። አክሱም ተወልጄ ያደግኩ ሰው ነኝና ያንን ሥዕል ባየሁ ቁጥር ደስታና ቁጭት አብረው ይመጡብኛል።

ግንበኛ ከጣና ዳር፦

ሁለተኛውን ጥያቄ እኔ ልሞክረው። ሙያዬ ግንባታ ስለሆነ የዚህን ማኅበር ሥራ የማየው በግንበኛ ዓይን ነው፤ ትልቁ ውለታውም ያለው እዚያው ይመስለኛል።

ባለፈው ክረምት የአያቴ አሮጌ የጭቃ ቤት ፈረሰ። እስከ መስከረም ድረስ ሣር በቅሎበት የአፈር ክምር ሆነ። በቦታው አዲስ መሠረት ስንቆፍር ዶማችን የድሮውን ግድግዳ ሥር ሲያገኘው አላስተዋልነውም፤ ግድግዳውም አፈር፣ ዙሪያውም አፈር ነበርና። በማግሥቱ ጠዋት ጤዛው ሲደርቅ ግን የግድግዳው መሥመር ከዙሪያው ቀድሞ ነጣ ብሎ ታየን። በቢላዋ ስንጠርገው ከጭቃው ጋር የተቦካው የጤፍ ጭድ የተወው ቀጫጭን ቀዳዳ ወጣ። እንግዲህ የሜሶጶጣሚያ ቁፋሮ ችግሩ ሁሉ ይህ ነው። ከተሞቹ የተሠሩት በአብዛኛው ባልተተኮሰ የጭቃ ጡብ ነው። ከማኅበሩ በፊት የነበሩት ብዙዎቹ ቆፋሪዎች የሚፈልጉት የድንጋይ ቅርጽና የሸክላ ጽሑፍ ስለነበር፣ ሳያውቁት ግድግዳውን ራሱን እየበሱ ያልፉ ነበር።

ማኅበሩ ወደ ባቢሎን የላከው ሮበርት ኮልደዋይ የሥነ ሕንፃን ትምህርት የቀሰመ ሰው ነበር። በመጋቢት 1899 ጀምሮ እንግሊዞች ወደ ባግዳድ እስከተቃረቡበት እስከ 1917 ድረስ፣ ክረምት ከበጋ ሳይል፣ አብዛኛውን ጊዜ ከ200 በላይ ሠራተኞች ይዞ ቆፈረ። የአካባቢው ሰዎች በትንሽ ዶማ አፈሩን በስሱ እየጠረጉ በጡብና በጡብ መካከል ያለውን የጭቃ መሥመር እንዲለዩ አሠለጠነ። ረዳቱ የነበረውና እርሱም አርክቴክት የሆነው ዋልተር አንድሬ ከ1903 እስከ 1914 በጥንታዊቷ አሦር ከተማ ሥራውን አንድ እርምጃ ወደፊት ወሰደው። መላውን ከተማ በየ100 ሜትሩ በተቀደዱ ቦዮች ፈተሸ፤ በኢሽታር ቤተ መቅደስ ደግሞ አንዱን ሕንፃ ለክቶና ስሎ ከጨረሰ በኋላ ከሥሩ ወዳለው ወደ ቀደመው እየወረደ፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት እስከ ሦስተኛው ሺህ ዓመት ደረሰ። የላይኛውን ካልመዘገብክ የታችኛውን አትንካ የሚለው ሥርዓት በዚያ አገር የጸናው በእነዚህ ሰዎች እጅ ነው።

በዚያ የተማሩት የሸርቃት ሰዎች (አሦር የምትገኝበት ቦታ ቀልዓት ሸርቃት ይባላል) ሙያውን ለልጆቻቸው አውርሰው፣ ከዚያ ወዲህ በኢራቅ ምድር በተካሄዱ ቁፋሮዎች ላይ በተፈላጊ ባለሙያነት ሠርተዋል። ስለ ማኅበሩ ሲጻፍ የእነርሱ ድርሻ በአንድ መሥመር መታለፉ ያሳዝነኛል፤ ግድግዳውን ከአፈሩ የለየው የእነርሱ እጅ ነውና።

አንድ ነገር ልጨምር። ኮልደዋይ ከናቡከደነፆር ብዙ ዘመን ቀድሞ የነገሠውን የሐሙራቢን ዘመን ባቢሎን ለማግኘት ቢመኝም ከተማዋ ከከርሰ ምድር ውኃ በታች ስለነበረች፣ ሊደርስባት የቻለው ውኃው ሸሽቶ በነበረበት ጊዜ በአንድ ሠፈር ጥቂት ቦታ ላይ ብቻ ነው። ከሐይቁ አጠገብ መሠረት ቆፍሮ ውኃ የመነጨበት ሰው ይህ እንዴት እንደሚያበሳጭ ያውቃል።

የሕግ ተማሪ፦

ወንድሜ ግንበኛ የጻፈውን በአክብሮት እቀበላለሁ፤ ሆኖም መምህሩ የጠየቁት ስለ መውሰድም ስለሆነ ያንን ወገን መሸፈን አይገባም። ለንጉሣዊ ሙዚየሞች ቅርስ ማስገኘት ከማኅበሩ ዓላማዎች አንዱ ነበር። በዚያን ጊዜ ሜሶጶጣሚያን ይገዛ የነበረው የኦቶማን መንግሥት በ1884 ያወጣው የቅርስ ሕግ ከመሬት የሚወጣውን ሁሉ የመንግሥት ንብረት ቢያደርግም፣ በሱልጣኑና በካይዘሩ ወዳጅነት ምክንያት በርሊን ድርሻዋን ታገኝ ነበር። ከባቢሎን በሳጥን ተሞልቶ የተጓጓዘው የባለ ቀለም ጡብ ስብርባሪ እየተለቀመና እየተገጣጠመ በ1930 በበርሊን የኢሽታር በር ሆኖ ቆመ። ከአሦር የተጫኑ ሳጥኖች ደግሞ በ1914 ጦርነቱ ሲፈነዳ በመርከብ ላይ ስለነበሩ ፖርቱጋል ቀርተው፣ በርሊን የገቡት በ1926 ነው። እነዚያን ዕቃዎች ባለቤታቸው የሆነው ሕዝብ አንድም ጊዜ አልተጠየቀባቸውም።

የነፈርቲቲ ጉዳይ ከዚህ ይለያል፣ ይበልጥም ያስተምራል። ማኅበሩ በግብፅ በቴል ኤል አማርና በሚያስቆፍርበት ጊዜ፣ ታኅሣሥ 6 ቀን 1912 በሉድቪግ ቦርሃርት የሚመራው ቡድን የንግሥቲቱን ባለ ቀለም ምስል በቀራፂው ቱትሞሴ ቤት ፍርስራሽ ውስጥ አገኘ። በጥር 1913 በነበረው ሕግ መሠረት ግኝቱ ለሁለት ሲከፈል ምስሉ ለጀርመኖቹ ደረሰ፤ ክፍፍሉ በግልጽነት መካሄድ አለመካሄዱ እስከ ዛሬ ያከራክራል። የቁፋሮው ፈቃድ የወጣው በማኅበሩ መሥራችና በዋና ገንዘብ ሰጪው፣ በጥጥ ነጋዴው በጄምስ ሲሞን ስም ስለነበር ምስሉ የእርሱ ሆነ፤ እርሱም በ1920 ለበርሊን ሙዚየም ሰጠው። በ1930 ግን ይኸው ሰው ምስሉ ለግብፅ እንዲመለስ ለፕሩሲያው የባህል ሚኒስትር ግልጽ ደብዳቤ ጻፈ። አልተሰማም። በ1932 አረፈ፤ አይሁዳዊ በመሆኑ ናዚዎች ስሙን ከሙዚየሞቹ አጠፉ። በስሙ የተሰየመው አዳራሽ በበርሊን የተከፈተው በ2019 ነው። ተማሪዎችዎ የማኅበሩን መልክ በአንድ ሰው ሕይወት ውስጥ ማየት ከፈለጉ ከጄምስ ሲሞን የተሻለ አላገኝላቸውም።

የታሪክ መምህር (ባሕር ዳር)፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የተማሪዋን ጥያቄ ነገ በመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ አርሜ እመልሳለሁ። የታእካ ማርያምን ነገር ሳነብ ግን ሌላ ጥያቄ መጣብኝ፤ ወደ እኛ ሐይቅ በዚህ መልክ የመጣ፣ ማለትም ሳይወስድ መዝግቦ የሄደ የጀርመን ሊቅ ወይም ማኅበር አለ?

የዘጌው ዲያቆን፦

አለ፣ መምህር። ያውም ከቆፋሪው ማኅበር የሚቀድም ሌላ ማኅበር እጁ አለበት። በ1845 የተመሠረተው «ዶይቸ ሞርገንሌንዲሸ ገዜልሻፍት» የምሥራቅ ቋንቋዎችንና መጻሕፍትን የሚያጠኑ ሊቃውንት ማኅበር ነው። በእርሱ ስምምነት ይታተም በነበረው የምሥራቅ ብራናዎች ዝርዝር ውስጥ የጣና ገዳማት መጻሕፍት የራሳቸው ቅጾች አሏቸው። ሥራውን የጀመረው በኋላ በሀምቡርግ ዩኒቨርሲቲ ያስተማረው ኤርንስት ሀመርሽሚት ነው። በ1968 እና 1969 በደሴቶቹ እየተዘዋወረ ብራናዎቹን በማይክሮፊልም አነሣ። በ1973 የወጣው የመጀመሪያው ቅጽ የጉዞውን ታሪክና የክብራን ገብርኤልን መጻሕፍት ይዟል። ሁለተኛው በ1977 ወጣ፤ ሦስተኛውን ቬሮኒካ ሲክስ በ1999 አሳተመች። ፊልሙ ሄደ፣ ብራናው በዕቃ ቤቱ ቀረ።

ይህ ለምን እንደሚጠቅም የሚያውቀው መጽሐፉን በእጁ የያዘ ሰው ነው። በልጅነቴ ያገለገልኩበት ገዳም ዕቃ ቤት ውስጥ በቆዳ ማኅደሩ ሆኖ በእንጨት ኩላብ ላይ የተሰቀለ አንድ ተአምረ ማርያም ነበር። በየገጹ ግርጌ አንባቢው አውራ ጣቱን የሚያሳርፍበት ቦታ ጠቁሮ፣ የጧፍ ጠብታ ከፊደሉ ላይ ደርቆ፣ የመጨረሻዎቹን ቅጠሎች አይጥ በልቷቸው ነበር። ያ መጽሐፍ ፎቶ አልተነሣም። በመጨረሻዎቹ ቅጠሎች ላይ የነበረውን የመሬት ስጦታ ማስታወሻ ዛሬ የሚያስታውሱት አንድ አረጋዊ መነኩሴ ብቻ ናቸው።

ስለ ጉዞዎ አንድ ነገር ላሳስብዎ። ጥያቄውን ያነሣችው ተማሪ ሴት ስለሆነች ክብራን መግባት አይፈቀድላትም፤ ዑራ ኪዳነ ምሕረት ግን ሁሉም ይገባል። ወንድማችን ግንበኛ ስለ ጭቃ ግድግዳ የጻፈውን እዚያ በዓይን ማሳየት ይቻላል። ቤተ ክርስቲያኑ ክብ ስለሆነ ቅኔ ማኅሌቱን፣ ቅድስቱንና መቅደሱን ለይተው ፕላኑን ይንደፉት። ወደ መቅደሱ መግባት ስለማይቻል የእርሱን ስፋት ከውጭ ለክተው ያስሉ። ከመለካታችሁ በፊት ግን የደብሩን አስተዳዳሪ ያስፈቅዱ። ጠዋት በጊዜ ተነሡ፤ ከሰዓት በኋላ ሐይቁን ነፋስ ያናውጠዋል።

የታሪክ መምህር (ባሕር ዳር)፦

አስተዳዳሪውን ለማነጋገር ሐሙስ ቀድሜ እሻገራለሁ። ከትምህርት ቤቱ ሁለት የ50 ሜትር መለኪያና ገመድ አግኝቻለሁ፤ የነደፍነውን ፕላን አንዱን ቅጂ ለደብሩ እንሰጣለን። ወንድሜ ግንበኛ፣ ቅዳሜ ጊዜ ካለዎ ከእኛ ጋር ቢመጡ ልጆቹ ግድግዳውን ከአፈሩ መለየትን ከእርስዎ እጅ ያዩ ነበር።

ግንበኛ ከጣና ዳር፦

እመጣለሁ፤ ቢላዋውንም ይዤ እመጣለሁ። ቤተ ክርስቲያኑን ግን በዓይን ብቻ ነው የምናየው፤ የምንጠርገው ከመንደሩ በፈረሰ ቤት ላይ፣ ባለቤቱን አስፈቅደን ነው።