አስቸኳይ፦ እናት ጅዳ ናት፣ አያት ኮንሰንት (የጥናት ፈቃድ) መፈረም ይችላሉ?

ሲስተር_ጣና፦
ሰላም ለሁላችሁ፣ እባካችሁ ቶሎ መልሱልኝ። ትምህርት ቤት ነን፣ ልጆቹ ተሰልፈዋል። የቢልሃርዚያ ጥናት ነው፤ ሰገራና 3 ሚሊ ሊትር ደም ከደም ሥር እንወስዳለን። አንዷ የ11 ዓመት ልጅ ከአያቷ ጋር መጣች። አባቷ አርፏል፣ እናቷ ጅዳ ናት። አያት ማንበብ አይችሉም፣ ግን እሺ ብለዋል። እንደ እሷ ያሉ ሌሎችም አሉ። ርእሰ መምህሩ «ለሁሉም እኔ ልፈርም» ይላሉ። ደሙ ከቀትር በፊት ላብራቶሪ መድረስ አለበት።

መምህር_ዘ_ጎንደር፦
ሲስተር፣ ከሁሉ በፊት መሠረቱን ይያዙ። በተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992፣ 18 ዓመት ያልሞላው ሁሉ አካለ መጠን ያላደረሰ ነው። ከወላጆች አንዱ ቢሞት የሞግዚትነት ሥልጣኑ በሕይወት ላለው ይቀራል። ስለዚህ እናቲቱ ጅዳ ስለሆኑ ብቻ ሥልጣናቸውን አያጡም። ክልሎች የየራሳቸው የቤተሰብ ሕግ ስላላቸው የክልላችሁንም ይመልከቱ። ገንዘቡ ከአሜሪካ የጤና ሚኒስቴር ከሆነ ደግሞ በልጆች ላይ ስለሚደረግ ጥናት የሚደነግገው የአሜሪካ ደንብ፣ 45 ሲኤፍአር 46 ንዑስ ክፍል ዲ አለ፤ አደጋው አነስተኛ በሆነ ጥናት አይአርቢው (የምርምር ሥነ ምግባር ኮሚቴው) የአንድ ወላጅ ፈቃድ ይበቃል ሊል ይችላል። አሳዳጊ የሚባለውም በአካባቢው ሕግ ለልጁ ሕክምና መፍቀድ የሚችል ሰው ነው። ስለ ሕክምና ምርምር ሥነ ምግባር የሚናገረው የሄልሲንኪ መግለጫ እ.ኤ.አ. በ1964 ከወጣ ጀምሮ...

ባሕር_ዳር_ላብ፦
መምህር፣ ልጆቹ ፀሐይ ላይ ቆመዋል፣ ሄልሲንኪ እስክንደርስ ይመሻል 🙂 ሲስተር፣ እናትየዋን በኢሞ ደውይላት። አረብ አገር ያለ ሰው ሁሉ ኢሞ አለው።

ኮሚቴ_ጸሐፊ፦
ጥያቄው ራሱ መቃናት አለበት። «አያት ይችላሉ ወይ» ሳይሆን «የጸደቀው ፕሮቶኮል (የጥናቱ ዕቅድ) ማን ይፈርማል ይላል» ብለሽ ጠይቂ። «ወላጅ ወይም ሕጋዊ አሳዳጊ» የሚል ከሆነ አያት የፍርድ ቤት የሞግዚትነት ማስረጃ ያስፈልጋቸዋል። የቀበሌ ደብዳቤ ልጅቷን እያሳደጉ መሆኑን ይመሰክራል እንጂ ሞግዚት አያደርጋቸውም። ርእሰ መምህሩማ ትምህርት ቤቱ ውስጥ ጥናቱ እንዲካሄድ ይፈቅዳሉ እንጂ በማንም ልጅ ክንድ ላይ ፈቃድ የላቸውም።

ሲስተር_ጣና፦
አዎ፣ «ወላጅ ወይም ሕጋዊ አሳዳጊ» ይላል። ስለ ስልክ ምንም የለውም። ሌላም አለ፦ ላቦራንቱ ርእሰ መምህሩ የፈረሙለትን አንድ ልጅ ደም ወስዶ ጨርሷል።

ደሳለኝ_ፊልድ፦
በስልክ ኢሞ ላይ ደውይና ቪዲዮውን ቅጂ።

ኮሚቴ_ጸሐፊ፦
መቅዳት የለም! አይአርቢ ያልፈቀደው የስልክ ኮንሰንት ራሱ ዴቪዬሽን (ከፕሮቶኮሉ መውጣት) ነው፣ የእናትን ፊት መቅዳት ደግሞ ሌላ የምስጢር ጥያቄ ያመጣል።

ፊልድ_አስተባባሪ፦
ሲስተር፣ ዛሬ እንዲህ አድርጊ። ወላጅ ወይም ሕጋዊ አሳዳጊ አብሯቸው ያልመጣውን ከሰልፉ አውጪና ስማቸውን ለብቻ ያዢ፤ ደም አይወሰድባቸውም። መድኃኒቱ ግን አይቀርባቸውም። የቢልሃርዚያው መድኃኒት ፕራዚኳንቴል ለአካባቢው ልጆች ሁሉ የሚታደል ከሆነ በኪሎ 40 ሚሊ ግራም ነው፤ 30 ኪሎ የምትመዝን ልጅ 1200፣ ማለትም ባለ 600 ሁለት ፍሬ፣ ምግብ በልታ። «ካልፈረማችሁ መድኃኒት የለም» የሚመስል ቃል እንዳይወጣችሁ፣ ያ ማስገደድ ነው።

የተወሰደውን ደም አትድፊ፣ አትመርምሪም። «የታገደ» ብለሽ ለይተሽ አስቀምጪና አሁኑኑ ለፒአይ (ለጥናቱ ዋና ተመራማሪ) ደውይ፤ ምን እንደሚደረግ የሚወስነው አይአርቢው ነው። ወላጁ ነገ መጥቶ ቢፈርም እንኳ የዛሬን ቀን እንዳይጽፍ። ወደ ኋላ የተጻፈ ቀን ከዴቪዬሽኑ የባሰ ጥፋት ነው።

ወላጅ መጥቶ ማንበብ ካልቻለ ቅጹ ጮክ ተብሎ ሲነበብ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የሚሰማ፣ ከጥናቱ ቡድን ውጭ የሆነ፣ ማንበብ የሚችል ምስክር ይቀመጥ። ወላጅ በጣት አሻራ፣ ምስክሩ በፊርማ፣ ቀኑን ራሱ ጽፎ። ርእሰ መምህሩ ምስክር አይሁኑ፤ እሳቸው ፊት «አይሆንም» የሚል ወላጅ አይገኝም። የሌላ ልጅ ወላጅ ይሻላል።

ሰዓቱንም ተጠንቀቁ። ኮንሰንቱ ላይ በፈረንጅ 10:10፣ ቱቦው ላይ በእኛ 4:25 ከተጻፈ ለሞኒተሩ (የጥናቱን ሰነዶች ለሚፈትሸው ሰው) ደሙ ከፈቃዱ ስድስት ሰዓት ገደማ ቀድሞ የተወሰደ ይመስለዋል። አንዱን መርጣችሁ በሁሉም ቅጽ ላይ እሱን ብቻ ተጠቀሙ፣ የቀን አቆጣጠሩንም እንዲሁ።

መምህር_ዘ_ጎንደር፦
ልጅቷንም እንዳትረሱ። ብዙ ፕሮቶኮል የጽሑፍ አሰንት (የልጁን የራሱን ስምምነት) የሚጠይቀው ከ12 ዓመት ጀምሮ ነው፤ የ11 ዓመቷ ግን «እምቢ» ካለች እናቷ ብትፈርምም መርፌው ይቅር።

ባሕር_ዳር_ላብ፦
እናታቸው አረብ አገር ያለችውን ሁሉ ካስቀራችሁ ግን ጥናቱ ይዛባል። ቢልሃርዚያው ያለባቸው ብዙውን ጊዜ እነሱ ቢሆኑስ?

ኮሚቴ_ጸሐፊ፦
ልክ ነህ፣ ለዚህ ነው ለአይአርቢው የፕሮቶኮል ማሻሻያ የሚጻፈው። ቅጹ በስልክ ሲነበብ ሁለተኛ ሰው ይሰማል፣ እናት ማን መሆኗ የሚረጋገጥበት መንገድ ይገለጻል፣ አያትም ይስማማሉ። እስኪጸድቅ እነዚህ ልጆች ይቆዩ፣ በሌላ ቀን ትመለሳላችሁ።

ፊልድ_አስተባባሪ፦
ሲስተር፣ የዚያን ልጅ ቱቦ ለየሽው? ከሌሎቹ ጋር ተጭኖ ከሄደ ላብራቶሪ የሚያውቀው በኮዱ ብቻ ስለሆነ መኪናው ሳይደርስ ኮዱን ደውለሽ ንገሪያቸው።