ጥቆማ፦ የነዳጅና የጭነት ክብደትን በትክክል የሚያሳይ የበረራ ሲሙሌተር የቱ ነው?

ጥያቄ፦ መካከለኛ ላፕቶፕ፣ ኢንተርኔት በዳታ ጥቅል። ሴስና 172 እና 737-800 ከቦሌ ማብረር ነው የሚፈለገው። ታንክ ሲሞላና ሲጎድል የአውሮፕላኑ ጠባይ በእርግጥ የሚለወጥበት የቱ ነው?

መልስ 1፦ ለሴስናው ፍላይትጊርን አውርድ። ነጻ ነው፣ የውጭ ክፍያ ካርድም አያስፈልገውም። ከ«ኢኪውፕመንት» ማውጫ «ፊውል ኤንድ ፔይሎድ»ን ክፈት። የ172ፒ ከፍተኛ የመነሻ ክብደት 1,089 ኪሎ ነው። መፈተኛው ይኸውልህ፦ ከድሬዳዋ ተነሳ፤ ፍላፕ (ከክንፉ ኋላ የሚዘረጋውን ክፍል) ሳትዘረጋ ጋዙን ዘግተህ ከፍታውን እንደያዝክ ስቶል እስኪያደርግ (ክንፉ የማንሳት ኃይሉን እስኪያጣ) ጠብቅና ፍጥነቱን ጻፍ። ከዚያ ክብደቱን በ20 በመቶ ቀንሰህ ድገመው። የስቶል ፍጥነት የሚከተለው የክብደቱን ካሬ ሥር ስለሆነ ልዩነቱ 10 በመቶ ገደማ መሆን አለበት። ምንም ካልተለወጠ ያ ሞዴል ለጌጥ ነው።

የጭነቱ ቦታም ከመጠኑ እኩል ይቆጠራል። የኋላ ወንበሩንና የሻንጣ ቦታውን ሞልተህ የፊቱን ካቀለልክ የስበት ማዕከሉ ወደ ኋላ ይሸሻል፤ አፍንጫው በትንሽ ንክኪ ይወረወራል፣ ከስቶል መውጣትም ይከብዳል። ክብደቱ ወደ ፊት ካዘነበለ ደግሞ ስታርፍ መሪውን አጥብቀህ ካልሳብክ የፊት ጎማው ቀድሞ መሬት ይመታል።

መልስ 2፦ በዚህ እስማማለሁ፤ ቦሌ ላይ ግን ብዙ ሰው ክብደትን ያለ ጥፋቱ ይከሳል። ሜዳው ከ2,300 ሜትር በላይ ነው፤ 25 ዲግሪ በሆነ ቀን ሞተሩም ክንፉም 3,200 ሜትር ገደማ ላይ እንዳሉ ነው የሚቆጥሩት። ቀዩን የሚክስቸር (ነዳጅን ከአየር ጋር የሚመጥን) ዘንግ እስከ ጫፍ ገፍተህ ከተነሳህ ነዳጁ ለቀጭኑ አየር ይበዛና ጉልበት ታጣለህ። ፍሬን ይዘህ ጋዙን ሙሉ ስጥ፣ ዘንጉን ቀስ ብለህ ሳብ፣ አርፒኤሙ (የሞተሩ ዙር በደቂቃ) ጣሪያ ሲነካ ትንሽ መልሰው። እሱን አስተካክለህም ካልወጣ ያኔ ነዳጅ ቀንስ።

መልስ 3፦ ለ737 ምርጫዬ ኤክስ-ፕሌን 12 ከነጻው የዚቦ ሞዴል ጋር ነው። አንዴ ከጫንከው ያለ ኢንተርኔት ይበራል። የማይክሮሶፍቱ ሲሙሌተር መልክዓ ምድሩ ያምራል፤ ግን ምስሉን በኢንተርኔት እየጎተተ ስለሚያመጣ ጥቅልህን ይጨርሰዋል። ኤርባስ ለሚፈልግ ግን የፍላይባይዋየር ኤ320 እዚያው ላይ በነጻ አለ።

ዚቦ ላይ ነዳጅና ተሳፋሪ በኮክፒቱ ታብሌት ሙላ እንጂ በኤክስ-ፕሌን ማውጫ አትነካካ፤ ሁለቱ ይጋጫሉ። ትልቁ ስህተት ያለው ኤፍኤምሲው (የበረራ ማስተዳደሪያ ኮምፒውተሩ) ላይ ነው፦ ነዳጅ የሌለበት ክብደት በሚጠየቅበት መስመር ጠቅላላውን ማስገባት። ኮምፒውተሩ ነዳጁን ሁለቴ ይደምረዋል፣ የመነሻ ፍጥነቶቹም ሁሉ ይበላሻሉ። ሌላው ፓውንድና ኪሎ ማምታታት ነው፤ 10,000 ኪሎ ሲፈለግ 10,000 ፓውንድ ከሞላህ ያለህ 4,536 ኪሎ ብቻ ነው።

ለአጭር በረራም ታንኩን ጢም አታድርግ። ሙሉ ነዳጅ 20.9 ቶን ገደማ ነው፤ ከተሳፋሪ ጋር 77 ቶን ሆነህ ብትነሳ፣ ግማሽ ሰዓት ቆይተህ ለማረፍ ስትመጣ 66.3 ቶን ከሚሆነው የማረፊያ ገደብ ገና ብዙ ትበልጣለህ። ፍላፕ 30 ላይ በ55 ቶን 135 ኖት የነበረው የመቅረቢያ ፍጥነት በ66 ቶን 148 አካባቢ ይደርሳል።

ጥያቄ፦ 79 ቶን ይችላል ይባል የለ?

መልስ 3፦ እሱ የመዋቅሩ ገደብ ነው። ቦሌ ላይ በሞቃት ቀን አንድ ሞተር ቢጠፋ የሚቀረው የመውጣት አቅም ከዚያ በታች ይገድብሃል። ደግሞ አንድ የሚገርም ነገር፦ ጋዝ ተዘግቶ በአንድ ዓይነት ፍጥነት ሲወርዱ ከባዱ ከቀላሉ ይልቅ ርቆ ይንሸራተታል። ስለዚህ ስትከብድ መውረድ ቀደም ብለህ ጀምር፤ ካልሆነ ስፒድብሬክ (ክንፉ ላይ የሚነሳውን የአየር ፍሬን) ስበህም ከፍታው አይጠፋልህም።