ሙቀቱ ዓሣዎቼን ሊጨርስብኝ ነው

ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ነው የምኖረው። ሳሎን ውስጥ 80 ሊትር የሚይዝ የመስታወት ገንዳ አለኝ። 4 ጎልድፊሽ ነበሩ፤ አሁን 3 ቀርተዋል። ቫሊስኔሪያ የሚባለውን ረጅም ቅጠልም ተክያለሁ።

ከሰዓት በኋላ ውሃው 32 ዲግሪ ይደርሳል። ሌሊትም ከ29 አይወርድም። ጠዋት ስነሳ ዓሣዎቹ ላይ ወጥተው አፋቸውን እየከፈቱ አየር ይፈልጋሉ። መብራት የጠፋ ሌሊት ደግሞ ይብሳል፤ የአየር ፓምፑ ይቆማላ።

ገንዳውን ከመስኮቱ አራቅኩት። የቧንቧ ውሃ በባልዲ አሳድሬ ሲሶውን ቀየርኩ። (ማንቆርቆሪያችንን የሚያነጣው የድሬ ውሃ የመስታወቱንም ጠርዝ ነጭ ቅርፊት አልብሶታል፤ ተክሉ ግን ግድም አልሰጠው።) በመጨረሻ በ3 ባለ ሁለት ሊትር ሃይላንድ ውሃ በረዶ አድርጌ ገንዳው ውስጥ ከተትኩ። በአንድ ሰዓት ውስጥ ከ32 ወደ 27 ወረደ። ትልቁ ዓሣ፣ ያ ጅራቱ እንደ ነጠላ የሚዘናፈለው፣ በጎኑ ተኝቶ ዋለና ማታ ሞተ። ጥፋቱ የኔ ነው፤ ቸኮልኩ።

ማቀዝቀዣ ማሽን ለመግዛት አቅሜ አይፈቅድም። ውሃውን ቀስ አድርጎ ወደ 26 የሚያወርድ፣ መብራት ሲጠፋም የሚሠራ ምን መላ ታውቃላችሁ?