ለፕሌይስቴሽን 5 የቱን ሞኒተር ልግዛ? 4ኬ በ60 ኸርዝ ወይስ 1440 በ180?

የጀሞው ልጅ
ሰላም ናችሁ። ፕሌይስቴሽን 5 አለኝ። እስካሁን የምጫወተው ሳሎን ባለው ቲቪ ነው፣ ማታ ማታ ግን ቤተሰቡ ድራማ ሲያይ ጆይስቲክ ይዤ ወረፋ ጠባቂ ሆኛለሁ። ስለዚህ ለመኝታ ቤቴ ሞኒተር ፈለግኩ። እህቴ በሁለት ሳምንት ውስጥ ከዱባይ ትመጣለች፣ ሁለት ምርጫ ልካልኛለች፣ ዋጋቸውም ተቀራራቢ ነው። ሁለቱም 27 ኢንች ናቸው። አንዱ 4ኬ (ምስሉ በጣም ጥርት ያለ)፣ 60 ኸርዝ (በሰከንድ 60 ምስል የሚያሳይ)። ሌላው 1440 (ጥራቱ ከ4ኬ ዝቅ ያለ)፣ 180 ኸርዝ። ብዙ ጊዜ የምጫወተው ኤፍሲ (የኳስ ጨዋታው) ነው፣ ማታ ከጓደኞቼ ጋር ደግሞ ዋርዞን (የተኩስ ጨዋታው)። ሻጩ ለእህቴ «180 ስለሆነ ጨዋታው ሁሉ ይፈጥናል» ብሏታል። እውነት ነው?

ባለ ጌም ቤቱ
ሻጩ ቀልደኛ ነው። ፕሌይስቴሽን 5 ከ120 ኸርዝ በላይ አያወጣም። 144፣ 165፣ 180፣ 240 የሚባለው ኮምፒውተር ላለው ሰው ነው። አንተ 180ውን እንደ 120 ቁጠረው። ኤፍሲ ደግሞ የሚሄደው በሰከንድ በ60 ፍሬም (ምስል) ስለሆነ ለሱ 120ውም ትርፍ ነው፤ እኔ ቤት ቀኑን ሙሉ ኳስ ነው የሚጫወቱት፣ በ60 ኸርዝ ስክሪን፣ ተሸንፎ ሞኒተሩን የሚያማ እንጂ ሌላ ቅሬታ ሰምቼ አላውቅም። ኳስ ብቻ ብትል 4ኬውን ውሰድ እልህ ነበር። ዋርዞን ግን 120 አለው። በ60 አንዱ ምስል ስክሪኑ ላይ 16.7 ሚሊሰከንድ ይቆያል፣ በ120 ግን 8.3 ብቻ። ዞር ብለህ ስትተኩስ እጅህ ላይ ይታወቅሃል።

ሰሊ
እኔ አልስማማም። 4ኬ ለምዶ መመለስ ከባድ ነው። ታሪክ ያላቸውን ጨዋታዎች የሚወድ ሰው ምስሉን ነው የሚያየው፣ ፊልምም ያይበታል። ለአንድ ዋርዞን ብሎ ጥራት መቀነስ ምን ይሉታል?

ባለ ጌም ቤቱ
ሰሊዬ፣ ልጁ ታሪክ እጫወታለሁ አላለም እኮ። ለመሆኑ ከስክሪኑ ስንት ትርቃለህ?

የጀሞው ልጅ
ጠረጴዛው ላይ ስሆን አንድ ሜትር ገደማ። አልጋ ላይ ጋደም ስል ሁለት ሜትር ይሆናል።

ኬብል አዋቂ
እንግዲያው አለቀ። 27 ኢንች ላይ ከአንድ ሜትር በላይ ስትርቅ 4ኬን ከ1440 ለመለየት ዓይንህ ይቸገራል። አፍንጫህን አስጠግተህ ብትጫወት ሰሊ ትክክል ትሆን ነበር።

ግን ከመክፈልህ በፊት ይህን አጣራ፣ እኔ ተቃጥዬበታለሁ። ካርቶኑ ላይ በትልቁ የተጻፈው 180 ብዙ ጊዜ የዲስፕሌይፖርቱ (ለኮምፒውተር የሚሆነው መሰኪያ) ነው። ፕሌይስቴሽን ያለው ኤችዲኤምአይ ብቻ ነው። እኔ የገዛሁት ሞኒተር 165 ይላል፣ ቤት ወስጄ ስሰካው በኤችዲኤምአይ 75 ብቻ። ባለሱቁ «ተከፍቷል» ብሎ አልመልስም አለኝ። እህትህ የሞዴሉን ቁጥር ትላክልህና ማኑዋሉን አውርደህ «ኤችዲኤምአይ» የሚለው መስመር ላይ 1440 በስንት ኸርዝ እንደሚል እይ። ለ1440 በ120 ኤችዲኤምአይ 2.0 ይበቃል። 2.1 የሚያስፈልግህ 4ኬን በ120 ከፈለግክ ነው፣ እሱ ደግሞ ሌላ ዋጋ ነው።

ፍሪሲንክ (የስክሪኑን ፍጥነት ከጨዋታው ፍሬም ጋር የሚያስማማ ነገር) የሚል ምልክት አይተህም ገንዘብ አትጨምር። ኤክስቦክስ ይጠቀምበታል፣ ፕሌይስቴሽን 5 ግን የሚቀበለው ተመሳሳይ ሥራ የሚሠራውን የኤችዲኤምአይ 2.1ን ቪአርአር ብቻ ነው።

ሰሊ
እሺ ተሸነፍኩ፣ ግን ድምፅ ያለው መሆኑንም እዩለት። ብዙ ሞኒተር ስፒከር የለውም። ከሌለው ሄድፎንህን ጆይስቲኩ ላይ ትሰካለህ። የዱባይ ሶኬት ደግሞ ባለ ሦስት ጠፍጣፋ እግር ስለሆነ አዳፕተር አብራ ትያዝ። ሻንጣ ውስጥ ስትከት ስክሪኑ ላይ ከባድ ነገር አትደርብ፣ የአክስቴ ልጅ ሽቶና ጫማ ደርባበት ተሰንጥቆ ነው የደረሰው።

የጀሞው ልጅ
ተመልሻለሁ። ማኑዋሉ ኤችዲኤምአይ 2.0፣ 1440 በ144 ይላል፣ ስለዚህ እሱን ገዛችልኝ። በሰላም ደርሷል። አሁን ግን የሞኒተሩ ሜኑ 3840 በ2160፣ 60 ኸርዝ ነው የሚለኝ። ስክሪኑ 1440 ሆኖ እንዴት?

ኬብል አዋቂ
አንዳንድ 1440 ሞኒተር የ4ኬ ሲግናል ተቀብሎ ራሱ ያሳንሰዋል። ፕሌይስቴሽኑም በአውቶማቲክ 4ኬ መርጦ 60 ላይ ይቀራል። ሴቲንግ ገብተህ ስክሪንና ቪዲዮ ውስጥ ሬዞሉሽኑን ራስህ 1440 አድርገው። አማራጩ ከሌለ መጀመሪያ ሶፍትዌሩን አድስ፣ 1440 የመጣው በፈረንጆች 2022 መስከረም ወር አካባቢ በወጣ አፕዴት ነው። እዚያው የ120 ኸርዙን መስመር አውቶማቲክ በለው። ከዚያ ዋርዞን ውስጥም 120ውን አብራ። ዋናው ሜኑ ላይ ሆነህ ብታይ 60 ነው የሚልህ፣ አትደንግጥ። ጨዋታው ውስጥ ሆነህ እይ።

የጀሞው ልጅ
120 አለ! አሁን መብራት ካልሄደ ማታ አንድ ሁለት ዙር እገባለሁ።

ባለ ጌም ቤቱ
ስቴብላይዘር አለህ አይደል? ሄዶ ሲመለስ ነው የሚያቃጥለው።