የፌብሩዋሪው የሆኪ ፍጻሜ፦ ዳኛው ነው ወይስ ጉዳቱ?

ከቦስተን

ወገኖች፣ ሰላም ለሁላችሁ። የ2025 ፌብሩዋሪው የሆኪ ፍጻሜ አሁንም ከሆዴ አልወጣም። እዚህ ቦስተን፣ ቲዲ ጋርደን ውስጥ ለፎር ኔሽንስ (የአሜሪካ፣ የካናዳ፣ የስዊድንና የፊንላንድ ውድድር) ዋንጫ ከካናዳ ጋር የተሰለፈው ሙሉው የአሜሪካ ቡድን አልነበረም። ቻርሊ ማካቮይ እዚሁ ከተማችን ሆስፒታል ተኝቶ ነበር። ኩዊን ሂዩዝ ከመጀመሪያውም በጉዳት ቀርቷል። ማቲው ካቹክ ገባ ተባለ እንጂ የጨዋታውን አብዛኛውን ጊዜ ወንበር ላይ ነው ያሳለፈው። ዳኞቹ ደግሞ በዱላ መያያዙን፣ መገፋፋቱን እያዩ ዝም። 3 ለ 2 ተሸነፍን፣ ያውም በጭማሪ ሰዓት! ሁለቱ ተከላካዮቻችን፣ ማካቮይና ሂዩዝ፣ ቢኖሩ ኖሮ የካናዳው ማክዴቪድ የመጨረሻዋን ጎል ሲያገባ ያን ቦታ ባዶ ያገኘው ነበር? በፍጹም።

ከቶሮንቶ

ወንድሜ፣ ጉዳት እናንተ ላይ ብቻ የደረሰ አስመሰልከው እኮ። ሼይ ቲዮዶር ገና በመጀመሪያው ጨዋታ ከስዊድን ጋር ስንገናኝ ተጎድቶ ወጣ፤ በዚያው ቀረ። ጆሽ ሞሪሲ በፍጻሜው ዕለት ታመመብን፤ የገባው መጀመሪያ ዝርዝሩ ውስጥ እንኳ ያልነበረው ቶማስ ሃርሊ ነው። ደግሞ የሂዩዝን ቦታ የያዘላችሁ ጄክ ሳንደርሰን አይደለም እንዴ 2 ለ 1 እንድትመሩ ያደረገው? ተተኪው ጎል ካገባ በኋላ ስለቀረው ተጫዋች ማልቀስ አይሆንም።

ዳኞቹ የሰሜን አሜሪካው ትልቁ የሆኪ ሊግ፣ የኤንኤችኤል ዳኞች ናቸው፤ የሁለቱንም አገር ተጫዋቾች ዓመቱን ሙሉ የሚያጫውቱ። የመጨረሻውን ጎል ረጋ ብለህ ደግመህ እየው። አምስት ለአምስት ነን፣ የተቀጣ ሰው የለም። ኳሷን፣ ማለቴ ፓኳን፣ ሚች ማርነር ይዟል፤ ማክዴቪድ በረኛው ፊት ለፊት ብቻውን ቆሟል። ጠባቂው ሄዷል። ይሄ ዳኛን የሚመለከት ነገር የለውም። ከዚያ በፊት በረኛችን ቢኒንግተን በጭማሪው ሰዓት ያወጣቸውን ኳሶችም አትርሳ፤ ጨዋታውን ያቆየልን እሱ ነው።

የድሮ የቶሮንቶ ሰው

ልጆቼ፣ እንዲህ ስትከራከሩ ደስ ይለኛል። በሱዳን በኩል መጥተን እዚህ አገር ስንገባ ሆኪ የሚባለውን የምናውቅ አልነበርንም፤ በ1987 ሴፕቴምበር ግን የፋብሪካው ሠራተኛ በሙሉ ካናዳ ካፕ ስለሚባለው ውድድር ስለሚያወራ እኛም ማየት ጀመርን። ካናዳና ሶቪየት ሦስት ጊዜ ተጋጠሙ፣ ሦስቱም 6 ለ 5 አለቀ። የመጨረሻው ሃሚልተን ላይ ነበር። ሊጠናቀቅ አንድ ደቂቃ ከ26 ሰከንድ ሲቀረው የካናዳው ግሬትስኪ አቀበለው፣ ማሪዮ ለሚዩ አገባ፤ አገሩ ቀውጢ ሆነ።

ታዲያ ከዚያች ጎል ጥቂት ሰከንዶች በፊት የእኛው ዴል ሃወርቹክ ቢኮቭ የተባለውን የሶቪየት ተጫዋች በዱላው ጎትቶ ጥሎታል። ዋናው ዳኛ ዶን ኮሃርስኪ ካናዳዊ ነው፤ አልነፋም። ያኔ ዋና ዳኛ አንድ ብቻ ነበር፤ የዛሬዎቹ ሁለት ናቸው። ሩሲያውያን ይህችን ነገር እስከ ዛሬ ያነሷታል፤ እኔም እፈርድላቸዋለሁ። እና የቦስተኑን ልጅ አትቆጡት። ፍጻሜ ላይ ዳኛ ሲለዝብ የኖረ ነገር ነው።

አዲስ ገቢ፣ ኤድመንተን

ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። ክርክራችሁን እያነበብኩ ነው፤ ብዙውን ባልረዳውም። ከመጣን ገና ነው። የዘጠኝ ዓመት ልጄ ትምህርት ቤት ጓደኞቹ ሁሉ ሆኪ ስለሚጫወቱ ካላስመዘገብሽኝ ብሎ አስጨንቆኛል። የዚያ ውድድር ቪዲዮ ነው ተብሎ ያየሁት ግን ጨዋታው ሳይጀመር ጓንታቸውን ጥለው ሲቧቀሱ ነው። ዳኞቹም ቆመው ያያሉ። ልጄን እንዲህ ዓይነት ነገር ውስጥ ላስገባው ነው? ባለቤቴ እግር ኳስ ይበቃዋል ይላል። የምታውቁ ምከሩኝ።

ነርሷ፣ ኤድመንተን

እህቴ፣ እንኳን ደህና መጣሽ። የእኔም ልጅ ስለሚጫወት፣ ሥራዬም ሆስፒታል ስለሆነ ትንሽ በዝርዝር ልጻፍልሽ። ወንድሞቼም እግረ መንገዳችሁን አንብቡት።

ያየሽው ከፍጻሜው በፊት፣ ፌብሩዋሪ 15፣ አሜሪካና ካናዳ ሞንትሪያል ላይ ሲገናኙ የሆነው ነው። በመጀመሪያዎቹ ዘጠኝ ሰከንዶች ሦስት ድብድብ። በኤንኤችኤል ደንብ የተደባደበ አምስት ደቂቃ ተቀጥቶ ይመለሳል፤ ውድድሩም በዚያ ደንብ ነበር የሚመራው። ኦሎምፒክ ላይ ግን ዓለም አቀፉ ደንብ ስለሆነ የሚሠራው፣ እንዲያ የሚያደርግ ከጨዋታው ይባረራል። የልጆች ሆኪም እንዲሁ ነው፤ የተደባደበ ይወጣል፣ ቀጣይ ጨዋታም ያመልጠዋል። ስለ ድብድብ ስጋት አይግባሽ።

የሚያሰጋው ሌላ ነው። ወንድሞቼ ስለ ማካቮይና ስለ ካቹክ ያወራችሁት ማን ጎደለ፣ ማን ተረፈ በሚል ሒሳብ ነው። እኔ ያየሁት የሰዎቹን አካል ነው። ማካቮይ ትከሻውን የተጎዳው ከፊንላንድ ጋር በነበረው የመጀመሪያ ጨዋታ ነው። ከዚያ በኋላ ሞንትሪያል ላይ ተሰልፎ ተጫወተ። ከቀናት በኋላ ሆስፒታል ሲገባ ትከሻው ውስጥ ኢንፌክሽን ተገኘ፤ የውድድር ዘመኑ በዚያው አበቃ። ኢንፌክሽን መገጣጠሚያ አካባቢ ሲገባ ምን እንደሚያደርግ በሥራዬ ስለማውቅ ያን ዜና ሳነብ ዋንጫው ከነጭራሹ ጠፍቶኝ ነበር።

ካቹክ ደግሞ ሞንትሪያል ላይ ብሽሽቱ አካባቢ ተጎድቶ ወጣ። ፍጻሜው ላይ ሊሞክር ገባ፤ አልሆነለትም። በኋላ እንደተነገረው የጭኑ ውስጠኛ ጡንቻ ከአጥንቱ ተገንጥሎ ነበር፤ በዚያው ጎን ኸርኒያም አለ። በዚያ ሁኔታ ስፕሪንግ ላይ ተመልሶ ከክለቡ ፍሎሪዳ ጋር የኤንኤችኤልን ዋንጫ፣ ስታንሊ ካፕን አነሳ፤ ቀዶ ሕክምናውን ያደረገው ኦገስት ላይ ነው። ቴሌቪዥኑ ሁሉ ጀግና፣ ጀግና አለ። ትልቅ ሰው ነው፣ በሐኪም ተከቦ የወሰነው ነው፣ ልፈርድበት አልችልም። ግን ልጆቻችን ያንን እየሰሙ ነው የሚያድጉት። ይህን ነው ልንወያይበት የሚገባው እላለሁ፣ ዳኛው ነፋ አልነፋ ሳይሆን።

የእኔው ልጅ ባለፈው ክረምት ከሜዳው ግድግዳ ጋር ተላተመ። ተነሳ፣ ደህና ነኝ አለ፣ አሠልጣኙ ጠየቀው፣ አሁንም ደህና ነኝ አለ። ጨዋታው አልቆ ወደ ቤት ስንነዳ ከፊት የሚመጣ መኪና መብራት ባረፈበት ቁጥር ዓይኑን በጓንቱ ይሸፍናል። ምን ሆንክ ስለው ዝም። ቆም ብዬ ፊቱን ሳየው ገርጥቷል፣ ያቅለሸልሸዋል። ኮንከሽን፣ በምት የሚመጣ የአንጎል ጉዳት፣ ነበር። ለምን አልተናገርክም ስለው፣ ከሚቀጥለው ጨዋታ እንዳያስቀሩት ፈርቶ ነው። ልጅ አመመኝ እንዲል ቤት ውስጥ ማስተማር አለብን፤ እኛ ሐበሾች ደግሞ “ቻለው፣ ወንድ ልጅ አይደለህ” ማለት እናበዛለን።

ደንቡ ግን ጥሩ ነው። ኮንከሽን የተጠረጠረ ልጅ በዚያ ቀን ወደ ሜዳ አይመለስም፤ በኋላም የሐኪም ደብዳቤ ያስፈልገዋል፣ ልምምዱም ደረጃ በደረጃ ነው የሚጀመረው። በሰውነት መግጨትም ቢሆን እስከ 12 ዓመት ክልክል ነው። ይህ የመጣው በ2013 ነው፤ የካልጋሪ ተመራማሪዎች አልበርታንና ኬቤክን አወዳድረው፣ ያኔ በዚያ ዕድሜ መግጨት ይፈቀድ በነበረበት በእኛ ክፍለ አገር፣ አልበርታ፣ የሚጎዱት ልጆች ከሦስት እጥፍ በላይ መሆናቸውን ካሳዩ በኋላ። ከዚያ ዕድሜ በላይም መግጨት የሌለበት ምድብ ብዙ ቦታ አለ። የእኔ ልጅ እዚያ ነው የሚጫወተው፤ አንተ ፈሪ ያለው የለም።

አሁን ወደ ዳኛ ልመለስ፣ ጋሼ ስላነሱት። ልጆችን የሚያጫውተው ዳኛ ብዙ ጊዜ ራሱ ልጅ ነው፣ ሃይስኩል የሚማር። በአንዳንድ ልጆች ማሊያ ጀርባ ላይ “ስቶፕ” የሚል ቀይ ምልክት ተሰፍቶ ታያለሽ፤ ከኋላ አትግጨኝ ማለት ነው። ያን ጥፋት አይቶ የሚነፋው ያ ልጅ ነው። ከመቀመጫው ተነስቶ የሚጮህበት ወላጅ ሞልቷል፤ ከእኛም ሰው አይጠፋም። በአማርኛ ስለሆነ አይገባውም አትበሉ፤ ፊታችንን ያያል። እንዲህ ስንሰድባቸው ልጆቹ ይተዉታል፤ የዳኛ እጥረት የምንለውም ከዚህ ነው የሚመጣው። ቦስተን ላይ ዳኛ ቢለዝብ ዋንጫ ነው የሚቀየረው። እዚህ ሳይነፋ ቢቀር የልጅ አንገት ነው።

ከቦስተን

እህቴ፣ ስለ ማካቮይ የጻፍሽውን ሳነብ ዝም አልኩ። እዚህ የሁሉም ጥያቄ “መቼ ይመለሳል” ነበር እንጂ “ደህና ነው ወይ” ያለ ብዙ አልነበረም። በዳኛው ጉዳይ ግን አቋሜ ያው ነው፤ በኖቬምበር በተራ ጨዋታ የሚያስቀጣ ጥፋት በፍጻሜም ማስቀጣት አለበት። ጋሼ፣ የሃሚልተኑን ስለነገሩን እናመሰግናለን፣ ዕድሜ ይስጥልን። ለቶሮንቶው ወንድሜ ደግሞ፦ ጠባቂው ቦታውን ለቆ ሄዷል ያልከው እውነት ነው፣ አይቼዋለሁ፣ አንገብግቦኛል።

አዲስ ገቢ፣ ኤድመንተን

እህቴ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ባለቤቴንም አስነበብኩት። አሁን የቀረው ገንዘቡ ነው። የበረዶ ጫማው፣ ሄልሜቱ፣ የጉልበቱ፣ የደረቱ ተብሎ ሲደመር አቅማችን አይደለም። ልጄ ደግሞ በረዶ ላይ ቆሞ አያውቅም።

ነርሷ፣ ኤድመንተን

ገንዘቡ አያስጨንቅሽ። ለመመዝገቢያው ኪድስፖርትና ጀምፕስታርት የሚባሉ አሉ፤ ገቢያችሁን አይተው በክፍያው ያግዟችኋል፣ አዲስ ገቢ መሆንሽ ችግር የለውም። ለዕቃው ደግሞ እዚሁ ከተማችን ስፖርት ሴንትራል አለ፤ ማመልከቻ ሞልተሽ ልጁን ይዘሽ ትሄጃለሽ፣ ከእግር እስከ ራሱ ለክተው በነፃ ይሰጡታል። ሄልሜት ግን ከማታውቂው ሰው አሮጌ እንዳትገዢ፤ ከውጪ የማይታይ ስንጥቅ ሊኖረው ይችላል። ሲኤስኤ የሚል የካናዳ የደረጃ ማኅተም መኖሩን እዪ፣ ስታስሪለት ከአገጩ በታች አንድ ጣት ብቻ ይግባ።

ከመመዝገብሽ በፊት በከተማው አሬና የመንሸራተት ትምህርት አስጀምሪው። መጀመሪያ ወድቆ መነሳት ነው የሚያስተምሯቸው፤ ሲወድቅ አይተሽ እንዳትደነግጪ። ሰፈርሽ የት እንደሆነ ለብቻ ጻፊልኝ፤ ቅርብ ከሆንሽ ቅዳሜ ጠዋት የእኔን ልጅ ስወስድ አብረን እንሄዳለን። ወፍራም ካልሲ ብቻ አልብሺው፣ ሁለት ሳይሆን አንድ፤ ሁለት ከሆነ ጫማው ውስጥ እግሩ ይንሸራተትበታል።