ከቆቃ ግድብ ውሃ ሲለቀቅ ቀድመን የምናውቅበት መንገድ አለ?

ሰላም ለሁላችሁ። ቤተሰቦቼ ከቆቃ ግድብ በታች፣ ወንጂ አካባቢ አዋሽ ዳር ሽንኩርት ያለማሉ። እኛ ጋ ጠብታ ሳይወርድ ወንዙ ሊሞላ ይችላል። ደጋው ላይ የዘነበው ግድቡ ውስጥ ይጠራቀምና ክረምቱ ሊወጣ ሲል ይለቀቃል። መለቀቁን አንቃወምም፤ ግድቡን ለማዳን ግድ ነው። በ1952 ዓ.ም. የተሠራው ቆቃ ደለል ስለሞላው እንደ ድሮው ውሃ አይዝም።

የቸገረን ሰዓቱ ነው። ወሬውን የምንሰማው ከላይ ካሉ ገበሬዎች በስልክ ነው። ያኔ የውሃ ሞተሩን ከወንዙ ዳር ነቅሎ ለመሸከም እንኳ ጊዜ አይበቃም። ሌሊት ከሆነማ ልጆቹንም ከብቱንም በጨለማ ማውጣት ነው!

ቀበሌ ስንጠይቅ ወረዳ፣ ወረዳ ስንሄድ ሌላ ቢሮ ይሉናል። በውሃ ወይም በአደጋ መከላከል ሥራ ላይ ያላችሁ፣ እባካችሁ ንገሩን፦ ውሃ የሚለቀቅበትን ቀንና መጠን ለታችኛው ነዋሪ የማሳወቅ ኃላፊነት የማን ነው? ማመልከቻውን ለማን እንጻፍ? በእኛ በኩል ያለው የአፈር ክትርም ተሸርሽሮ ሰው የሚያሳልፍ ክፍተት አለው፤ ፎቶ አንስተናል። ጥገናውስ የሚጠየቀው የት ነው? የነዋሪው ፊርማ ተሰብስቧል፤ ሰኔ ሳይገባ ማስገባት እንፈልጋለን።