ሐሙስ ልፈርም ነው፤ ማህፀኔ ሊወጣ ነው መሰለኝ፤ እባካችሁ ዛሬ መልሱልኝ

ትዕግሥቴ አለቀ · ማክሰኞ ማታ 3፡20
እህቶች፣ በእናታችሁ ቶሎ መልሱልኝ። ዛሬ ሐኪም ቤት ሄጄ ማዮማ (የማህፀን እጢ) ነው፣ ትልቅ ነው፣ ኦፕሬሽን ያስፈልገዋል ተባልኩ። ለሐሙስ ጠዋት ቀጥረውኛል። ሲመጡ ይፈርማሉ ብለው አንድ ወረቀት አስያዙኝ። ወረቀቱ ላይ ማህፀን ማውጣት የሚል ነገር አለ። ዶክተሩ ሲያስረዳኝ ጆሮዬ ጭው ስላለብኝ ግማሹን አልሰማሁትም። ልጅ የለኝም። ልፈርም ወይስ ልተወው? በመድኃኒት የጠፋላት አለች? ባለፈው ወር 11 ቀን ፈሰሰኝ። ታክሲ ስወርድ ዞር ብዬ ወንበሩን ማየት ልማዴ ሆኗል። እባካችሁ።

ሰንበሌጥ · 3፡26
አይዞሽ እህቴ። እኔም አልፌበታለሁ። ግን ዕድሜሽን አልነገርሽን፣ ስንት ሳንቲም እንደሆነ አልነገርሽን፣ የት ጋ እንዳለ አልነገርሽን። ምን ብለን እንምከርሽ? አልትራሳውንዱ ላይ ያለውን ጻፊልን።

ሽሮ በቅቤ · 3፡29
የእኔን ብርቱካን ያህላል አሉኝ። የእህቴን ሎሚ። የጎረቤታችንን ፓፓያ። እነዚህ የማህፀን ሐኪሞች አትክልት ተራ ነው እንዴ የተማሩት?

ጋሼ መካሪ · 3፡41
እህቴ ሆይ፣ ቢላዋ የመጨረሻ ነው። ይህ በሽታ የዘመኑ ምግብ ያመጣብን ነው። የፈረንጅ ዶሮ፣ የታሸገ ጭማቂ፣ የፕላስቲክ ዕቃ። እናቶቻችን ማዮማ የሚባል ስሙንም አያውቁትም ነበር። ሐኪም ባልሆንም ብዙ አንብቤያለሁ። ሥጋና ወተት ለስድስት ወር ተዪ፣ ጠዋት በባዶ ሆድ ጥቁር አዝሙድ በማር ውሰጂ፣ ይሟሟል። ደግሞም እንዲህ ያለ ውሳኔ ባል ሳይፈርም አይሆንም። ባልሽ የት አለ?

የማታ ተረኛ · 3፡48
ጋሼ፣ ስሙን ያላወቁት አልትራሳውንድ ስላልነበረ ነው። ደም ይፈሳት ነበር፣ «በሽተኛ ናት» ተብሎ ይታለፍ ነበር። በማር የሟሟ ማዮማ በ14 ዓመት የነርስነት ሥራዬ አላየሁም። ሥጋ ተዪ የሚለው ደግሞ ደሟ ለሚያልቅ ሴት ክፉ ምክር ነው። ፊርማውም የእሷ ነው። አዋቂ ናት፣ ሰውነቱም የእሷ ነው። ባል ቢኖር ጥሩ ነው፤ ደም የሚሰጥና የሚያስታምም ሰው ያስፈልጋል።

ትዕግሥት፣ ሰንበሌጥ የጠየቀችሽን መልሺ። አሁን እየፈሰሰሽ ነው?

እናት ዓለም · 3፡55
ልጄ፣ ጸበል ግቢ። እምነት ይኑርሽ። የእኔ ምራት ሁለት ሱባኤ ገብታ ወለደች።

ልዩ ነኝ · 4፡02
እኔ የማይገባኝ ለምን ኦፕሬሽን እንደሚቻኮሉ ነው። ማዮማ ካንሰር አይደለም። ማረጥ ሲመጣ ራሱ ይከስማል። እናቴ በ52 ዓመቷ ምንም ሳትነካው ተገላገለች። ጥያቄሽ ራሱ ልክ አይደለም። «ልፈርም ወይ» ሳይሆን «ለምን እቀደዳለሁ» ብለሽ ጠይቂ።

ትዕግሥቴ አለቀ · 4፡05
38 ዓመቴ ነው። ዛሬ ቆሟል፣ ጠብ ጠብ ብቻ ነው። ወረቀቱ ሦስት ናቸው ይላል። ትልቁ 9.4 በ8 ሳንቲም፣ ኢንትራሙራል። ሌላው 4፣ እሱም ኢንትራሙራል። ትንሹ 2.8፣ ሰብሙኮሳል። የደም ምርመራው ላይ ሂሞግሎቢን 6.9 የሚል አለ። ይሄ ምን ማለት ነው? ባለቤቴ አርባ ምንጭ ሥራ ላይ ነው፣ ቅዳሜ ነው የሚመጣው። እና ለነገሩ የደሜ ዓይነት ኦ ኔጌቲቭ ነው። ለውጥ አለው?

የማታ ተረኛ · 4፡09
6.9??? እንዲህ በመሀል ጣል አድርገሽ ነው የምትነግሪን?

ተረጋጊና አንብቢኝ። ሂሞግሎቢን ኦክስጅን የሚሸከመው የደም ክፍል ነው፤ እርጉዝ ያልሆነች ሴት ከ12 በላይ ሊኖራት ይገባል። አዲስ አበባ ከፍታ ላይ ስለሆነች የእኛ እንዲያውም ትንሽ ከፍ ማለት አለበት። አንቺ ግማሽ ደም ይዘሽ ነው ታክሲ የምትጋፊው። ደረጃ ስትወጪ ልብሽ አይመታም? ዝናብ ሲዘንብ የአፈሩ ሽታ አያስጎመጅሽም?

ዛሬ ሌሊት ደሙ ተመልሶ በሰዓት አንድ ሞዴስ ካራሰና ሁለተኛውም ሰዓት እንዲሁ ከሆነ፣ ወይም ራስሽን ከሳትሽ፣ ሐሙስን አትጠብቂ። ድንገተኛ ክፍል ሂጂ። ብቻሽን አትተኚ፣ አንድ ሰው ይደር።

ትዕግሥቴ አለቀ · 4፡12
አፈሩን እንዴት አወቅሽ??? ለማንም ነግሬ አላውቅም። የግድግዳው ጭቃ ሁሉ ያምረኛል። እርግዝና መስሎኝ ሁለቴ ተመርምሬያለሁ።

ሽሮ በቅቤ · 4፡14
እኔ በረዶ ነበር የምቆረጥመው። ባሌ ፍሪጁን ሊቆልፈው ነበር።

የማታ ተረኛ · 4፡22
የብረት ማነስ ምልክት ነው፣ ብዙ ሴት ታፍርበታለች።

ለልዩ ነኝ፦ ግማሹ ትክክል ነሽ። ምንም ስሜት የሌላት፣ በአጋጣሚ የተገኘባት ሴት መቀደድ የለባትም፣ በክትትል ትኖራለች። እናትሽም ማረጧ ደርሶ ነበር። ትዕግሥት ግን 38 ናት። ማረጥን ትጠብቅ ብንል ከአሥር ዓመት በላይ ደም ሊፈሳት ነው። በ6.9።

አሁን ትዕግሥት፣ የሚፈረመው ወረቀት ላይ ያለውን አንድም ቃል ሳትዘልዪ ጻፊልኝ። የእንግሊዝኛውን እንደሚነበበው ጻፊው።

ትዕግሥቴ አለቀ · 4፡27
«ማዮሜክቶሚ፣ ፖሲብል ሂስትሬክቶሚ። ክሮስማች 3 ዩኒት።» ከዚያ ፊርማ። ሂስትሬክቶሚ ማህፀን ማውጣት ነው አይደል? ጉግል አደረግሁት።

ሰንበሌጥ · 4፡30
የኔ ቆንጆ! የመጀመሪያዋን ቃል ዘለልሻት!

ማዮሜክቶሚ ማለት እጢው ብቻ ተለቅሞ ይወጣል፣ ማህፀኑ ይሰፋና ይቀራል። እኔም የተሠራሁት እሱን ነው። «ፖሲብል» የተባለው፣ መሀል ላይ ደም አልቆም ብሎ ሕይወትሽ አደጋ ላይ ከወደቀ ማለት ነው። የእኔም ወረቀት ላይ እንደዚሁ ነበር። እኔም እንዳንቺ አልቅሻለሁ።

የማታ ተረኛ · 4፡36
በትክክል። ቢሆንም ዝም ብለሽ አትፈርሚ። ዶክተሩን ፊት ለፊት ጠይቂው፦ ልጅ እፈልጋለሁ፣ አንተ ከሠራሃቸው ውስጥ መጨረሻው ማህፀን ማውጣት የሆነባቸው ስንት ናቸው በይው። ጥሩ ሐኪም በዚህ አይቆጣም። ከተቆጣ ሌላ ሐኪም ታያለሽ።

ሌላም አለ። ዘጠኙን ሳንቲም ትፈሪያለሽ፣ ደሙን የሚያፈሰው ግን ትንሹ ሊሆን ይችላል። ኢንትራሙራል ማለት በማህፀኑ ግድግዳ ውስጥ ያለ ነው፤ ሰብሙኮሳል ማለት ወደ ማህፀኑ ክፍት ቦታ ገፍቶ የገባ ነው። 2.8 ብትሆንም ደም ማፍሰስ ታውቅበታለች፣ ጽንስም እንዳይዝ ታስቸግራለች። እሷን ብቻ ቢሆን ሆድ ሳይከፈት በታች በኩል በካሜራ መሣሪያ ማውጣት ይቻል ነበር። ሦስቱን አንድ ላይ እንዴት እንዳሰበ ጠይቂው።

ጋሼ መካሪ · 4፡40
እኔ ያልኩት ለደህንነቷ ነው። አሁንም ባሏ ይጠየቅ እላለሁ።

ሦስት ወልጄ · 4፡44
ጋሼ፣ ባሏ ስልክ አለው፣ ትደውልለታለች፣ አለቀ።

እኔ ማህፀኔ የወጣው በ46 ዓመቴ ነው፣ ሦስት ልጅ ወልጄ። «ሴትነትሽ ቀረ» ያላለኝ የለም። ኦቫሪዬን (የእንቁላል ማፍሪያዬን) ስለተዉልኝ የማረጥ ትኩሳት የሚባለውም አልመጣብኝም። ከዚያ ወዲህ ነጭ ቀሚስ ለብሼ ሠርግ ሄጃለሁ፣ ከ15 ዓመት በኋላ ነጭ! ግን ልጅ ለምትፈልግ ሴት ይህን አልመክርም። ለየሰው የየራሱ ነው።

ሜሪላንድ ያለሁት · 4፡51
እዚህ እኔ ኦፕሬሽን አልገባሁም። በእጄ የደም ስር ቀጭን ቱቦ አስገብተው ወደ እጢው የሚሄደውን ደም በጥቃቅን ነገር ዘጉት። ማታውኑ ቤቴ ገባሁ፣ ሕመሙ ግን ለሁለት ቀን እንደ ምጥ ነበር። እጢው አልወጣም፣ ኮሰሰ። ሐኪሜ ልጅ ለምትፈልግ ሴት ቀዳሚ ምርጫችን አይደለም ብላኛለች፣ እኔ ወልጄ ጨርሻለሁ። በነገራችን ላይ አሜሪካ በተሠራ ጥናት 50 ዓመት እስኪሞላቸው ድረስ ከጥቁር ሴቶች ከ80 በመቶ በላይ፣ ከነጮቹም ወደ 70 በመቶ የሚሆኑት ማዮማ ተገኝቶባቸዋል። እኛ ላይ ቶሎ ይጀምራል፣ ብዙም ይሆናል። ስለዚህ የፈረንጅ ዶሮውን ለቀቅ አድርጉት።

ትዕግሥቴ አለቀ · 4፡55
በመድኃኒት የሚለውን ማንም አልመለሰልኝም።

የማታ ተረኛ · 5፡03
ማዮማን የሚያጠፋ ክኒን የለም። ደሙን የሚቀንስ ግን አለ። በፔሬድ ቀናት ብቻ የሚዋጥ ትራኔክሳሚክ አሲድ የሚባል አለ፣ ደም ረግቶባት የሚያውቅ ሴት ግን አትወስደውም። እጢውን ለጥቂት ወር የሚያኮስስና ፔሬድ የሚያቆም መርፌም አለ፤ ሲቆም እጢው ተመልሶ ያብጣል፣ ስለዚህ ከኦፕሬሽን በፊት ደም ለመሙላት ጊዜ መግዣ ነው። አንቺ ልታነሺው የሚገባው ይሄንን ነው፦ «ሐሙስ በ6.9 ትሠራኛለህ ወይስ መጀመሪያ ደሜን ከፍ እናድርግ?» አጣዳፊ ካልሆነ ቀጠሮ ገፍቶ በደም ስር የሚሰጥ ብረት መውሰድ ወይም ደም መቀበል ይቻላል። ይህን ሳትጠይቂ እንዳትተኚ አልጋው ላይ።

የብረት ክኒን ከሰጡሽ ከቡናና ከሻይ አርቀሽ ዋጪው። ሎሚ ወይም ብርቱካን ይስማማዋል። ሰገራሽ ቢጠቁር አትደንግጪ።

ሽሮ በቅቤ · 5፡06
ቡና የከለከሉኝ ቀን በማዮማው ሳይሆን በራስ ምታት ነበር የምሞተው።

እናት ዓለም · 5፡10
ልጄ፣ ጸበሉን አትርሺ። ሱባኤ ግቢ።

የማታ ተረኛ · 5፡12
እማማ፣ ጸበሉንም ትጠጣ፣ ሐኪሙም ጋ ትሂድ። ክኒኑን አትጣይ ብቻ በሏት። ሁለቱ አይጣሉም።

እናት ዓለም · 5፡13
እሱስ ልክ ነሽ ልጄ።

ሰንበሌጥ · 5፡20
ከተሠራሽ በኋላ ያለውን እኔ ልንገርሽ። ሦስት ቀን ተኝቼ ወጣሁ። ሁለት ሳምንት ሳቅ ክልክል ነው፣ ስፌቱ ይጎትታል፣ ስታስነጥሺ ትራስ ሆድሽ ላይ ታቅፊ። ስድስት ሳምንት ጀሪካን እንዳታነሺ። እኔን ስድስት ወር ሳታረግዢ ቆዪ ብለውኛል። ከዚያ አረገዝኩ፣ ማህፀኔ በጥልቀት ስለተሰፋ ምጥ አይሞከርም ብለው በኦፕሬሽን አዋለዱኝ። ልጄ አሁን ኬጂ 2 ነው። አምስተኛው ዓመት ላይ አንዲት ትንሽ እጢ ተመልሳ ታይታለች፣ አትደማም፣ እየተከታተልኩ ነው። ማህፀን እስካለ ሊመለስ ይችላል፣ አልዋሽሽም።

የማታ ተረኛ · 5፡24
ኦ ኔጌቲቩን ረስተነው ነበር። ትዕግሥት፣ ለውጥ አለው፣ በጣም አለው። አንቺ የምትቀበዪው ኦ ኔጌቲቭ ብቻ ነው። እኛ አገር ደግሞ ይህ ደም ያለው ጥቂት ሰው ነው። ወረቀቱ ላይ ያለው ክሮስማች ማለት የሚስማማሽን ደም መርምሮ ማዘጋጀት ነው፤ 3 ዩኒት ደም በሐሙስ ጠዋት ከየት ይመጣል? ነገ ጠዋት ደሙ ተገኝቷል ወይ ብለሽ አረጋግጪ። ወንድም እህቶችሽን አስመርምሪ። ሳይገኝ ማንም እንዳያስገባሽ።

ሽሮ በቅቤ · 5፡27
እኔ ኦ ኔጌቲቭ ነኝ።

ልዩ ነኝ · 5፡28
አሁን ደግሞ ቀልዱን ተዪው።

ሽሮ በቅቤ · 5፡29
ቀልድ አይደለም። ካርዴ እጄ ላይ ነው። የእኔ ብርቱካን ከወጣ ሁለት ዓመት ሆኖታል፣ ደሜ 13 ነው፣ ቡናዬንም ጀምሬያለሁ። ትዕግሥት፣ በውስጥ መስመር ስልክሽን ላኪልኝ። ነገ ከሰዓት በፊት ፈቃድ እወስዳለሁ።

ትዕግሥቴ አለቀ · 5፡31
እያለቀስኩ ነው። ላኩልሽ። እግዚአብሔር ይስጥልኝ ሁላችሁንም። ወንድሜ ሊያድር እየመጣ ነው።

ትዕግሥቴ አለቀ · ረቡዕ ቀን 5፡15
ዶክተሩ ጋ ነኝ፣ ወረፋ ላይ። ጥያቄዎቹን በወረቀት ጽፌያለሁ፣ ሰባት ሆኑ። ያለኝን ማታ እጽፍላችኋለሁ።

ሽሮ በቅቤ · ረቡዕ ቀን 8፡40
ሰጥቻለሁ። ብስኩት ሰጡኝ፣ ወንድምሽም ሚሪንዳ ገዛልኝ። እሱ ቢ ፖዘቲቭ ሆኖ ተገኘና በጣም ተናደደ። የቀረው ሁለት ዩኒት ነው፣ ሌላ ኦ ኔጌቲቭ ያለው ይጻፍ።

ሰንበሌጥ · ዓርብ ጠዋት 1፡50
ትዕግሥት? ተራዘመ ወይስ ገባሽ?

የማታ ተረኛ · እሑድ ማታ 2፡10
ሽሮ፣ አንቺ ስልኳ አለሽ። ደውዪላት እስቲ።

ሽሮ በቅቤ · እሑድ ማታ 2፡34
ደወልኩ። አንድ ወንድ አነሳና «ተኝታለች፣ ነገ ደውዪ» ብሎ ዘጋው። ባሏ ይሁን ወንድሟ አልለየሁትም። ድምፁ ግን የደነገጠ ሰው ድምፅ አይደለም።

ወለላ · ከሦስት ሳምንት በኋላ
ሰላም እህቶች፣ እኔም ማዮማ ነው ተብያለሁ፣ ትልቅ ነው አሉኝ። ልሠራ ወይስ ልተወው? ቶሎ መልሱልኝ።

ሰንበሌጥ
ስንት ሳንቲም ነው?